የከዋክብት የንግድ መርከብና የእኅቴ ልጅ ውል

ባለፈው እሑድ ከእኅቴና ከልጇ ጋራ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ ሄደን ነበር። ታጥበን በአዋሽ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ምሳችንን ስንበላ፥ ልጁ የባሕርተኛነት ትምህርቱን እንደ ጨረሰና ከአንድ የውጭ አገር የንግድ መርከብ ጋራ ውል ሊፈርም እንደ ሆነ ነገረን። እናቱም የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አኖረችና፥ «ባሕር በሌለው አገር ተወልደህ ባሕርን ማን አሳየህ?» ብላ ዕንባዋ መጣ።

ልጁ ሊያስቃት ፈልጎ፥ «እማዬ፥ ሰዎች እኮ በከዋክብት መካከል የሚሄድ የንግድ መርከብ እንኳ አስበዋል» አለና ስለ ኖስትሮሞ ያጫውተን ጀመር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. በወጣው «ኤሊየን» በተባለው ፊልም ይህች መርከብ 20 ሚሊዮን ቶን የማዕድን ድንጋይ እየጎተተች ወደ ምድር ስትመለስ፥ ሠራተኞቿ 7 ብቻ ናቸው። በመንገድ ላይ ከማይታወቅ ዓለም ምልክት በተሰማ ጊዜ አንዳንዶቹ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ቢሉ፥ «በውላችሁ ተጽፏል፤ እምቢ ብትሉ ድርሻችሁን ታጣላችሁ» ተባሉ። ከ7ቱ የተረፈችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ኩባንያው የሰዎቹን ሕይወት ከትርፉ በታች አድርጎት ኖሯል።

እኔም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስኖር ውሉን ሳያነብ ፈርሞ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ስላየሁ፥ ነገሩ ተረት ብቻ መስሎ አልታየኝም።

አስቀድሜ እኅቴን አጽናናኋት። የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የንግድ መርከብ ድርጅታችንም በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን አገራችን የባሕር ጠረፏን ብታጣም መርከቦቿን አላጣችም፤ ከዚያ በኋላ በቻይና አገር ከተሠሩላት መካከል መቀሌ፥ አሶሳ፥ ጅግጅጋና ሐረር የተባሉ አሉ። ልጆቻችንም በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ፥ በሐይቅ ዳር ሆነው ባሕርተኛነትን ተምረዋል።

ቀጥዬ ልጁን እንዲህ አልሁት፤ «በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. የተደረገው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፥ ባሕርተኛው ከመፈረሙ በፊት ውሉን እንዲመረምርና ምክር እንዲጠይቅ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ሥራ ያገናኘህ ሰው ስለ ማገናኘቱ ከአንተ ዋጋ ሊቀበል አይገባውም። ደመወዝህ፥ የሕክምናህና ወደ አገርህ የምትመለስበት ነገር በግልጥ ይጻፍ፤ የተፈረመበትም አንድ ቅጂ በእጅህ ይቅር።»

ልጁ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ሦስታችን እያንዳንዱን ቃል አነበብን። ደመወዙ ተጽፏል፤ ሕክምናውም ተጽፏል፤ የመመለሻው ነገር ግን ከቶ አልተነሣም። ልጁ ዝም አለ። ኋላም፥ «ጋሼ፥ ይህ ሳይጨመር አልፈርምም፤ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ» አለኝ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሩቅ ልሂድ ሲል በዕንባ ብቻ ከመከልከል፥ የመመለሻው መንገድ መጻፉን አብራችሁ ብታነቡለት ይሻላል። እኅቴም ይህን ስትሰማ ያኖረችውን ጉርሻ አንሥታ ለልጇ አጎረሰችው።