ጃዝ ማኒያክስ፦ ከዱርንፎንቴን ጓሮ የወጣው ባንድ

በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና የሚነግዱ ብዙ ወገኖቻችን ዱርንፎንቴንን የሚያውቁት በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ነው። ሠፈሩ ግን ከስታዲየሙ ያላነሰ የሙዚቃ ታሪክ አለው።

የወርቅ ከተማዋ ስትቆረቆር ዱርንፎንቴን የባለጸጎች መኖሪያ ነበር። እነሱ ወደ ፓርክታውን ሲሄዱ ጓሮዎቹ በጠባብ የኪራይ ክፍሎች ተሞሉ፤ ከገጠር የመጡ ጥቁር ሠራተኞችም ገቡባቸው። ለጥቁር ሰው አልኮል መሸጥ በሕግ ክልክል ስለነበር ሴቶቹ የጠመቁትን በቆርቆሮ እያደረጉ ጓሮው ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ፖሊስ ቆፍሮ ካገኘው ይደፋዋል፤ ኮማሪቷም ትታሰራለች። ያም ሆኖ ቅዳሜና እሁድ ድግሱ አይቀርም። በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ኦርጋን ወይም ፒያኖ አለ፤ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ይንሿሿል፤ ያው ጥቂት ኮርድ እየተመላለሰ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈራል። ማራቢ የሚባለው ሙዚቃ ይህ ነው። የተማሩትና ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪዎቹ ጥቁሮች ግን እኛ ዘንድ አዝማሪ ይናቅ እንደነበረው ሁሉ የሰካራም ዘፈን ብለው ይንቁት ነበር።

በ1930ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሰለሞን “ዙሉቦይ” ሴሌ የተባለ የማራቢ ፒያኖ ተጫዋች ጃዝ ማኒያክስን እዚያው ዱርንፎንቴን መሠረተ። በጊዜው በጨዋ ቤት ዘንድ የተከበረው ባንድ ኖታ አንብቦ የአሜሪካን ዘፈን አሳምሮ የሚጫወተው የፒተር ሬዛንት “ሜሪ ብላክበርድስ” ነበር። ሴሌ ያደገበትን ሙዚቃ አልጣለም። የጓሮውን ዜማ ከአሜሪካ ስዊንግ ጋር አዋሕዶ፣ በሳክስፎንና በትራምፔት አስውቦ ዳንስ አዳራሽ አስገባው። ለእኔ የባንዱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ የተናቀውን ሳያፍሩበት መድረክ ማውጣት።

በ1934 የወጣው የጎስቋላ መንደሮች ሕግ ጓሮዎቹን አስፈረሰ፤ ብዙው ነዋሪ ኦርላንዶ ወደተባለው የጥቁሮች ሠፈር ተወሰደ። ሴሌም በ1944 ሞተ። መሪነቱን ሳክስፎን ተጫዋቹ ዊልሰን ሲልጊ ተረከበ።

በሸክላ የተቀዳው የባንዱ ሥራ ጥቂት ነው። ውርሱ ግን በሰው ተላለፈ። ከአባላቱ አንዱ ዛክስ ንኮሲ የከተማው ጃዝ አንጋፋ ሆነ። ሌላው ማካይ ዳቫሼ ደግሞ በ1959 የተከፈተውን “ኪንግ ኮንግ” የተሰኘ ሙዚቃዊ ቲያትር ኦርኬስትራ መራ፤ ቲያትሩም በ1961 ለንደን መድረክ ላይ ታየ። የደቡብ አፍሪካን ጃዝ ከዘፋኟ ማኬባና ከትራምፔት ተጫዋቹ ማሴኬላ ጀምራችሁ የምታዳምጡ ሁሉ፣ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመልሳችሁ ማራቢንም ስሙት።