አዚናራ ስትሄዱ

አዚናራ ከሰርዲኒያ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የምትገኝ፣ 52 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የጣሊያን ደሴት ናት። ከስቲንቲኖ ወይም ከፖርቶ ቶሬስ በጀልባ ይኬዳል። የራስን መኪና ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በእግር፣ በኪራይ ብስክሌት ወይም ከአስጎብኚ ጋር በጂፕ ይዞራል። ጥላ ብርቅ ነው፤ ነፋሱ ፀሐዩን ያስረሳችኋልና ኮፍያና ውሃ ያዙ። ለመግቢያ ይህ ይበቃል።

ምዕራባዊ ጠርዟ ገደል ነው። ምሥራቁ ግን እየተንሸራተተ ወርዶ ውሃው ጥርት ካለ ትንንሽ የባሕር ወሽመጦች ላይ ያርፋል። መሐል ላይ ወገቧ ይቀጥንና ከ300 ሜትር ያነሰ ስፋት ብቻ ይቀራታል፤ ነፋሻ ቀን ከደረሳችሁ በአንድ በኩል ባሕሩ ሲናጥ፣ በሌላው በኩል ጸጥ ብሎ ታዩታላችሁ። የዱር በግ፣ የዱር አሳማ፣ ፍየልና ፈረስ እንደ ልባቸው ይውሉባታል። ሆቴልና ቪላ ያልወረራት እስር ቤት ስለነበረች ነው። ከ1885 እስከ 1997 (ዓመቶቹ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያለ ጉዳይ የሚገባባት ሰው አልነበረም። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ናት።

ፖስትካርዱ ላይ የምታዩት ነጭ አህያ ነው። አህያ እንደ አሸዋ ከሞላበት አገር ለመጣ ሰው፣ አህያ ለማየት ባሕር መሻገር ያስቃል። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ጠጉራቸው ነጭ፣ አፍንጫቸው ሮዝ፣ ዓይናቸው ፈዛዛ ሰማያዊ። ነጭ ያደረጋቸው በዘር የሚወረስ የቀለም እጦት ነው። በዚህ ምክንያት ብርሃን ዓይናቸውን ይወጋቸዋል፤ በቀትር ፍርስራሽ ግድግዳ ሥር ተጠግተው ይቆማሉ። እንግዳው ስልኩን አውጥቶ የሚከተላቸውም ይሄኔ ነው። አንዷን ፎቶው እንዲያምርለት ብሎ በዳቦ እያባበለ ወደ ፀሐይ ሲያወጣት ያየሁት ጎልማሳ አለ። ዳቦው ለሆዷ፣ ፀሐዩ ለዓይኗ አይሆናትም። ተዉአቸው፤ ከሩቅም ያምራሉ።

ለእኔ የደሴቲቱ ታሪክ የሚጀምረው ከ1885 ነው። በዚያ ዓመት በየካቲት የጣሊያን ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ። ሰኔ ላይ ደግሞ መንግሥታቸው አዚናራን ለኳራንቲን ጣቢያና ለእስረኞች እርሻ ስለፈለጋት ነዋሪዎቿን እንዲነሡ አዘዘ። 45 ቤተሰቦች ባሕሩን ተሻግረው ስቲንቲኖን መሠረቱ፤ ዛሬ ጀልባ የምትሳፈሩባት ከተማ የተፈናቃዮች ከተማ ናት ማለት ነው። የምጽዋንና የአዚናራን ነገር አያይዞ የሚያነሣ አስጎብኚ እስካሁን አልገጠመኝም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርቦች የማረኳቸው 24,000 ያህል የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ወታደሮች እዚህ ተራገፉ፤ ኮሌራ በሺዎች ፈጃቸው። አጽማቸው የተሰበሰበበት ቤት ዛሬም አለ፤ ሳትገቡ አትለፉ።

አሁን ወደ እኛ ነገር። ጀልባው ላይ ከሚላኖ የመጣ አንድ ሐበሻ ቤተሰብ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አባትየው ለልጆቹ፣ «ራስ እምሩ የታሰሩባት ደሴት ይቺውላችሁ» ሲል ሰማሁት። አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ እሳቸው የነበሩት እኮ ፖንዛ ነው» አልኩት።

«ያው ደሴት አይደል እንዴ?» አለኝ።

ያው አይደለም! ይህን ስህተት ስንት የተማረ ሰው ሲደግመው ሰምቻለሁ። ፖንዛ በሮምና በኔፕልስ መካከል ካለው የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ናት፤ ከአዚናራ በሰፊ ባሕር ትለያለች። ጊዜውም ይለያያል። ራስ እምሩ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የተያዙት በታኅሣሥ 1936 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ነው፤ የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከመጣሉ በፊት። የአዚናራ ግዞተኞች ግን ያ ቦምብ ያመጣቸው ናቸው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምቡን ከወረወሩ በኋላ አዲስ አበባ በደም ታጠበች፤ ከእልቂቱ የተረፉት መኳንንትና ሹማምንት ደግሞ በመርከብ ተጭነው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። 400 ያህል ነበሩ። ከእነሱ ብዙዎቹ የወረዱት አዚናራ ላይ ነው፤ ሌሎቹ በዋናው ምድር እንደ ቲቮሊና መርኮሊያኖ ባሉ ከተሞች ተበትነዋል።

ሁለተኛው ስህተት ግዞተኛን ሁሉ አርበኛ ማድረግ ነው። በረሃ ወርዶ የተዋጋ አለበት፤ ከወራት በፊት ገብቶ ለጣሊያን የታዘዘም አለበት። ግራዚያኒ ከቦምቡ በኋላ ማንንም ስላላመነ፣ እጁን የሰጠውንም ያልሰጠውንም ሳይለይ አጋዘው። ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው በየካቲት ተገድለውባቸው ከልጆቻቸው ጋር አዚናራ ታሰሩ። በ1940 ቱሪን ላይ አረፉ። አብዛኞቹ ግዞተኞች ግን ግራዚያኒ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን ከተተካ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ጣሊያን ደሴቶቿን እንደ ጓዳ ትጠቀምባቸው ነበር፤ ከዓይን እንዲርቅ የተፈለገ ሁሉ እዚያ ይጣላል። ዳህላክ ላይ ኖክራ የምትባለውን ደሴት ከ1887 ጀምሮ እስር ቤት አደረገቻት። በ1911 ሊቢያን ስትወር ሊቢያውያንን ወደ ኡስቲካና ወደ ትሬሚቲ ጫነች። ስምና ማዕረግ የሌለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ጣሊያንን የማየት ዕድል እንኳ አልነበረውም፤ የእሱ ዕጣ ሶማሊያ፣ የዳናኔ እስር ካምፕ ነበር። እዚያ በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ ከአዚናራው ጋር አይወዳደርም። አዚናራን ያየ ሰው ግዞቱን ሁሉ ያየ እንዳይመስለው ይህን እደጋግማለሁ።

ይህን ሁሉ ለሚላኖው ሰው ነገርኩት። ልጆቹ አህያ ፍለጋ ሲሄዱ እሱ ትዕግሥት አድርጎ ሰማኝ።

ጣሊያኖቹ ራሳቸው ወደ አዚናራ የሚመጡት ለማፊያው ታሪክ ነው። ዳኛ ፋልኮኔና ዳኛ ቦርሴሊኖ በ1985 ክረምት ለሕይወታቸው ስለተፈራ ካላ ዶሊቫ በምትባለው መንደር ተደብቀው የታላቁን የፓሌርሞ የማፊያ ችሎት ክስ እዚያ አሰናዱ። መንግሥት ለቆይታቸው ሒሳብ ማስከፈሉን ስትሰሙ አትገረሙ፤ እውነት ነው። ሁለቱም በ1992 ተገደሉ። ያስገደላቸው የማፊያ አለቃ ቶቶ ሪና በ1993 ከተያዘ በኋላ የታሰረው እዚያችው መንደር ውስጥ ነው። ጎብኚው ግማሽ ቀኑን የሪናን ክፍል ፎቶ ሲያነሣ ይጨርስና የመጨረሻዋ ጀልባ ልትነሣ ስትል ይሯሯጣል።

የራስ እምሩን ፈለግ የሚሻ ግን ከፎርሚያ ወይም ከአንዚዮ ወደ ፖንዛ ይሳፈር። እዚያ ሲደርስ የሳንታ ማሪያን ሰፈር ይጠይቅ፤ ሙሶሊኒ ራሱ በ1943 ከሥልጣን ወርዶ እስረኛ ሆኖ የተቀመጠው ራስ እምሩ በነበሩበት ቤት ነው ይባላል። ከፖንዛ ደግሞ ወደ ላ ማዳሌና ወሰዱት፤ ሰርዲኒያ አጠገብ፣ ሌላ ደሴት።