ነጩ ከረሜላና የላቦራቶሪው አይጥ

እናት ከገበያ ስትመለስ ልጆች በር ላይ ይጠብቋታል። «እማዬ፣ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?» ማለት የልጅ ወግ ነው። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ በታሪክ በሚታወቀው፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌም ሆነ በአዲስ አበባ ይህ ወግ አንድ ነው። ድሮ ከእናት ነጠላ ጫፍ ተፈትቶ የሚወጣው ጥቂት ቆሎ ወይም አንድ ብርቱካን ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ከሱቅ የተገዛ ከረሜላና ማስቲካ ነው።

ከእነዚህ ጣፋጮች አንዳንዶቹ እንደ ወተት የነጡ፣ ሌሎቹም ቀለማቸው የደመቀና የሚያብረቀርቁ ናቸው። ለመሆኑ ይህ ንጣት ከምን የመጣ ነው? ስኳሩ ብቻ ነው ብለን የምናልፈው ብዙዎች ነን። በርካታ የጣፋጭ ፋብሪካዎች ግን ለማንጫ የሚጠቀሙበት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። በምግብ ማሸጊያ ላይ ኢ 171 በሚል ምልክት ይጻፋል። ይኸው ዱቄት የግድግዳ ቀለምን፣ የጥርስ ሳሙናንና የመድኃኒት እንክብልን ለማንጣትም ያገለግላል። ለሰውነት የሚሰጠው ምንም ዓይነት ምግብነት የለውም፤ ሥራው ዓይንን መማረክ ብቻ ነው።

ባለሙያዎችን ያሳሰባቸው የዱቄቱ ልመት ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። ከ100 ናኖሜትር የማይበልጡ ቅንጣቶች ናኖ ቅንጣት ሲባሉ፣ አንዲት የራስ ጠጉር ውፍረቷ ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ያህል ነው። ከኢ 171 ቅንጣቶች ከፊሉ በዚህ መጠን የደቀቁ ናቸው። በወንፊት የማይያዝ፣ በዓይንም የማይታይ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ሆድ ሲገባ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ የተነሣውም ከዚህ ነው።

መልሱን ለማግኘት ተመራማሪዎች ወደ አይጥ ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ አይጦች ለሁለት ዓመት ያህል ከምግባቸው እስከ መቶ አምስት እጁ ይህ ዱቄት ሆኖ ቢመገቡም ዱቄቱ ካንሰር እንዳላስከተለባቸው ገለጸ። በዚህም ነገሩ የተዘጋ መሰለ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ግን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሌላ ውጤት አወጡ። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም ኢ 171 ለአይጦች ሰጡ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቅንጣቶቹ በአንጀት ግድግዳ ላይ ባሉት፣ ሰውነትን ከበሽታ በሚከላከሉት ክፍሎች ውስጥ ተገኙ። ዱቄቱን በሚጠጡት ውሃ ለ100 ቀን ከወሰዱት መካከል ደግሞ ከሲሶ በሚበልጡት አይጦች ትልቁ አንጀት ላይ ጥቃቅን ለውጦች ታዩ። እነዚህ ለውጦች ካንሰር አይደሉም፤ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉ ናቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን አላገኘም። በዚህኛው ዱቄቱ የተሰጠው በውሃ ሳይሆን ከምግብ ጋር ተደባልቆ ነው። የእንዲህ ዓይነት ጥናቶችን ወጪ ማን እንደሸፈነም አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ያም ሆኖ ልዩነቱ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቅንጣት ከምግብ ጋር ሲገባ ከምግቡ ጋር ይጣበቃል፣ እርስ በርሱም ይጓጉላል። በውሃ የገባው እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

ታዲያ የአይጡ ነገር ልጃችንን ይመለከታል? እዚህ ላይ መጠኑን ማስላት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የተደረገ ግምት፣ በዚያ አገር ከአሥር ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም እንደሚወስድ ያሳያል። ይህም 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በፈረንሳዮቹ አይጦች ልክ ቢሆን ግን 150 ሚሊግራም ይሆን ነበር። ስለዚህ አይጦቹ የወሰዱት ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ቢመስልም ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ ጣፋጭ ያዘወትራሉ፤ ሰውነታቸውም ትንሽ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ሲሰላ ከአባትና ከእናት ይልቅ ልጁ ይበልጥ ይወስዳል።

መንግሥታትም በአንድ ቃል አልተስማሙም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዱቄቱን ከምግብ አገደች። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 የዘር ቅንጣትን የመጉዳት ሥጋቱን ማስወገድ ስላልተቻለ ዱቄቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ሊባል እንደማይችል አስታወቀ፤ በ2022 የአውሮፓ ኅብረት እገዳውን አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ኮሚቴ ግን በ2023 መረጃውን መርምሮ፣ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ገደብ አላስፈለገም ብሏል።

ደቃቅ ቅንጣት ጤናን ሊያውክ መቻሉ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በባዶ እግር በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚሠሩ ገበሬዎችን እግር የሚያሳብጠው የዝሆኔ ዓይነት፣ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እንዳስረዳው፣ በቆዳ በኩል ከሚገቡ የአፈር ደቃቅ ቅንጣቶች ጋር የተያያዘ ነው። መግቢያው በአፍ ሳይሆን በእግር ነው፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። መግቢያውን መዝጋት ከሕክምና ይቀላል።

ለከረሜላውም ይኸው መንገድ ይሠራል። ስለ ኢ 171 ክርክሩ ቢቀጥልም፣ ከረሜላ ጥርስን እንደሚያበሰብስ ግን ክርክር የለበትም። እንግዲህ እናቶች ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ማሸጊያውን ማንበብ ነው። በላቲን ፊደል «ኢ» ተብሎ 171 ቁጥር መኖሩን የተማረው ልጅ እንዲፈልግልን ማድረግ ይቻላል፤ እሱም በዚያው ይማራል።

ሁለተኛ፣ ልጆች ጥርሳቸውን ሲያጸዱ ሳሙናው እንደ አተር ፍሬ ትንሽ ይሁን፤ እንዳይውጡትም እናስተምራቸው።

ሦስተኛ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንክብሉ ነጭ ነው ብሎ መተው ፈጽሞ አይገባም። የበሽታው ጉዳት የተረጋገጠ ሲሆን፣ በአንድ እንክብል ላይ ያለው ዱቄት ግን ጥቂት ነው።

አራተኛ፣ ልጁ በር ላይ ሲጠብቀን ባዶ እጃችንን አንገባም፤ የምናመጣውን ግን እንለውጥ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ ማኘክ ለለመደ ልጅም ንፍሮ አለ። ከረሜላው ለበዓል ቀን ይሁን።

የላቦራቶሪው አይጥ የኛን ልጅ አይተካም። ነገር ግን ምንም ጥቅም የሌለውን ነገር ለመቀነስ የመጨረሻው ማስረጃ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ልጁ የሚፈልገው የከረሜላውን ንጣት ሳይሆን እናቱ እሱን ማስታወሷን ነው።