መግል ወደ አንጎል አይሸሽም

«የሚፈስ ጆሮ በመድኃኒት እንዲደርቅ አታድርጉ፤ መግሉ መውጫ ሲያጣ ወደ አንጎል ይሸሻል» የሚል ምክር አሁንም ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ምክሩን ያመነች እናት የልጇን ጆሮ በጥጥ እየጠረገች ዓመታት ታሳልፋለች። ይህ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። አንጎል ውስጥ መግል የሚያስቋጥረው ታክሞ የደረቀ ጆሮ ሳይሆን ሳይታከም ሲፈስ የኖረ ጆሮ ነው።

መንገዱም የታወቀ ነው። መካከለኛውን ጆሮ ከአንጎል የሚለየው ስስ አጥንት ነው፤ የቆየ ኢንፌክሽን ያንን አጥንት ቀስ በቀስ ይበላዋል። አጥንቱ ሳይበላም ባክቴሪያው በውስጡ በሚያልፉ ትናንሽ ደም መላሾች ሊሻገር ይችላል። ከግንባር ሳይነስና ከጥርስ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ይይዛል። ከሳንባ ወይም ከልብ ቫልቭ በደም ተጉዞ የሚመጣም አለ። አንዳንድ የልብ ችግር ይዘው የሚወለዱ ልጆች ደግሞ ከደማቸው ከፊሉ ሳንባን ሳያልፍ ስለሚዞር፣ ሳንባ ሊያስቀረው ይችል የነበረ ባክቴሪያ በቀጥታ አንጎላቸው ይደርሳል።

በደንብ ሊታወቅ የሚገባው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መግል የለም፤ ወሰኑ ያልታወቀ የተቆጣና ያበጠ ሥጋ ብቻ ነው። ከአራተኛው ቀን ገደማ መሃሉ እየሞተ ይፈርሳል። ከአሥረኛው ቀን ወዲህ ሰውነት ዙሪያውን ሽፋን ይሠራል፤ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ሽፋኑ ይጠነክራል። (የቀኑ ስሌት የተገኘው በውሾች ላይ ከተደረገ ሙከራ ስለሆነ ሰው ላይ ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል።) ሽፋኑ ኢንፌክሽኑ የቀረውን አንጎል እንዳያዳርስ ያግዳል፤ ነገር ግን ሌባን ግቢ ውስጥ ቆልፎ እንደ መተው ነው፤ ሌባው አይወጣም፣ ፖሊሱም አይገባም። አንቲባዮቲክ የሚጓዘው በደም ነው፤ በመግሉ መሃል ደግሞ ደም ሥር የለም። ሾልኮ የገባውም ጥቂት መድኃኒት አሲድ በበዛበትና ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ሊደክም ይችላል። ባክቴሪያው እዚያ መራባቱን ስለሚቀንስ፣ የሚራባን ባክቴሪያ መግደል የሚችሉ መድኃኒቶች ብዙም አይነኩትም። ከፋርማሲ ተገዝቶ ለሳምንት የሚዋጥ ክኒን ይህን አይጨርሰውም።

ሽፋኑ በሁሉም በኩል እኩል አይወፍርም። ደም በብዛት በማይደርስበት የውስጠኛው ክፍል ይሳሳል፤ ፈሳሽ የሞላባቸው የአንጎል ጓዳዎች ያሉትም በዚያው በኩል ነው። መግሉ ወደዚያ ሲፈነዳ ራስ ምታቱ በድንገት ይብሳል፣ ታማሚው ራሱን ይስታል፣ ብዙዎችም አይተርፉም።

ሕመሙ እስኪታወቅ ጊዜ የሚባክነው ምልክቱ ስለሚያሳስት ነው። ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንድ ወገን መስነፍ ሦስቱም አብረው የሚታዩት ከ5 ታማሚዎች በ1 ገደማ ብቻ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ትኩሳት እንኳ የላቸውም። ራስ ምታትና ትኩሳት ሲመጣ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ የሚጥል ከሆነ ጠበል ይኬዳል። ጠበሉን የሚከለክል የለም። ግን ጆሮው ሲፈስ የኖረ ሰው ራስ ምታቱ ዕለት ዕለት ከባሰ፣ ካስመለሰው፣ እጅ እግሩ ከሰነፈ ወይም ከጣለው የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይድረስ። እዚያም የጭንቅላት ምስል ሳይነሳ ከጀርባው ፈሳሽ አይቀዳ፤ የተጨነቀው አንጎል ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1876 የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ማኬዌን የአንድ ልጅ መግል የቱ ጋ እንዳለ ከምልክቱ ብቻ ለይቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ቢል አልተፈቀደለትም። ልጁ ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር መግሉ እዚያው ተገኘ። በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ቀዶ ካከማቸው 19 ታማሚዎች 18ቱ እንደ ዳኑ ጻፈ፤ ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። መግሉን ማውጣት ይህን ያህል ዋጋ አለው። ዛሬ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋው በአብዛኛው በጠባብ ቀዳዳ በመርፌ ይቀዳል፤ የተቀዳውም ይመረመራል። በሲቲ ስካን ቀለበት ሠርቶ የሚታይ ሁሉ መግል አይደለምና፤ ቲቢም፣ ካንሰርም፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቶክሶፕላዝማም እንዲሁ ይታያል። ከዚያ ብዙ ጊዜ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል በደም ሥር ይሰጣሉ፤ የመነሻው ጆሮ ወይም ጥርስም አብሮ ይታከማል።

ሐኪሞች የሚከራከሩበት ከዚህ ወዲያ ነው። አንቲባዮቲኩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጥ የሚለው ጊዜ ከጠንካራ ሙከራ ይልቅ በልምድ ላይ የቆመ ነው። መቼ ወደ ክኒን መሻገር እንደሚቻል ገና አልተስማማንም። 2.5 ሴንቲ ሜትርም የማይጣስ ድንበር አይደለም፤ ትንሽ ሆኖ ጓዳዎቹን የተጠጋ መግል ሊቀዳ ይገባ ይሆናል። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን አንቲባዮቲኩ ወደ መግሉ እንዳይዘልቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱ ሕይወትን ሲያሰጋ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ይሰጥ እላለሁ። ከሕክምናው በኋላ ምስል እየተነሳ ይታያል፤ ቀለበቱ ታማሚው ከዳነ በኋላም ለወራት ሊታይ ስለሚችል፣ እሱን ብቻ አይቶ አንቲባዮቲኩን ማራዘም አያስፈልግም።