ለሦስት ሥራ አንድ ሽጉጥ

አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ መሸጫ መደብሮች ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። የገዢው ኪስ የሚችለው አንድ ሽጉጥ ብቻ ነው። በዚያው ሽጉጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ሊተኩስ፣ ወቅቱ ሲደርስ አጋዘን ሊያድን፣ ሌሊት ደግሞ ቤቱን ሊጠብቅ ይፈልጋል። የትኛውን ይግዛ?

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ሦስቱ ሥራዎች ሽጉጡን ወደ ሦስት አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት። ዒላማ ተኳሽ ከበድ ያለና እጅ ላይ የማይንቀጠቀጥ፣ አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ ቃታው ለስላሳ፣ ጥይቱ ርካሽ የሆነ ይመርጣል። አዳኝ የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ አውሬውን አቁስሎ የሚያባርር ሳይሆን ባለበት የሚጥል ምት። ራሱን ለመከላከል የሚታጠቅ ሰው ደግሞ ከልብስ ሥር የሚደበቅ፣ ወገብ የማያጎብጥ፣ በድንጋጤ ሰዓት እጅን የማያደናግር መሣሪያ ይሻል። አንዱን ያስደሰተ ሌላውን ያስከፋል።

ሰዎች በተግባር የሚገዙበትን ምክንያት ማየት ይረዳል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጦር መሣሪያ ካላቸው አሜሪካውያን 72 በመቶው ራስን መከላከል ዐቢይ ምክንያታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። አደንን ዐቢይ ምክንያት ያሉት 32 በመቶ፣ የተኩስ ስፖርትን ያሉት 30 በመቶ ናቸው። የሚገርመው ግን ራሱን ለመከላከል ብሎ የገዛው ሰው እንኳ፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኩን የሚተኩሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ብቻ ለሚያስብ ሰው መልሱ ቅርብ ነው፤ .22 ሎንግ ራይፍል። ከ1887 ጀምሮ ያለችው ይህች ትንሽ ጥይት ዋጋዋ ዝቅተኛ ነው፤ ድምፅዋም ርግጫዋም አያስደነግጥም። በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ውድድር ዛሬም የምትተኮሰው እሷ ናት። ሃንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ሲያሳጣው በግራ እጁ መተኮስ ተምሮ፣ በ1948 ለንደን በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ወርቅ አጥልቋል። በ2024 ፓሪስ ላይ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ ዓለምን ያስደመመው ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ግን የያዘው ባሩድ የሌለው የአየር ሽጉጥ ነበር። የዒላማ ስፖርት ጉልበት እንደማይጠይቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

.22 ጥንቸል ትጥላለች፤ አጋዘን ላይ መተኮስ ግን በአዳኝም ዘንድ ነውር፣ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም ሕገ ወጥ ነው። የምትቀጣጠለው ከቀለሃው ጠርዝ በመሆኑም ከሌሎች ጥይቶች ይልቅ መክሸፍ ታበዛለች። ነፍስ በተያዘበት ሰዓት የሚከሽፍ ጥይት ማን ይመኛል? ስለዚህ ሦስቱንም ሥራ የሚፈልገው ገዢ ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ማንጋጠጡ አይቀርም።

እዚያ መደርደሪያ ላይ ከ1935 ጀምሮ ሳይወርድ የኖረ መልስ አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፖሊሶች የሚታጠቁት ባብዛኛው .38 ስፔሻል የሚተኩስ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ የሚሞላ ሽጉጥ) ነበር። ጥይቷ ዒላማ ላይ የተመሰገነች ብትሆንም የወንበዴ መኪና ቆርቆሮ መብሳት ያቅታት ነበር። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያው ዳግላስ ዌሰን፣ የጥይት አዋቂው ፊል ሻርፕ እና የአይዳሆው ከብት አርቢና አዳኝ ኤልመር ኪት በየፊናቸው ባሩዱን እየጨመሩ ሲሞክሩ ከርመው፣ ከዊንቸስተር ኩባንያ ጋር በተሠራ ሥራ .357 ማግነም ተወለደ። አዲሱ ቀለሃ ከ.38 በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲረዝም ተደረገ። ምክንያቱ ደኅንነት ነበር፤ ኃይለኛው ጥይት ደካማ አሮጌ ሽጉጥ ውስጥ ገብቶ እንዳያፈነዳው ነው። የእርሳሱ ውፍረት ግን አንድ ነው። ረጅሟ በአጭሯ ቤት አትገባም፤ አጭሯ ግን በረጅሟ ቤት ትገባለች።

ባለ ብዙ ሥራ ሽጉጥ የሚባለው ሐሳብ ሁሉ ያረፈው በእነዚያ 3 ሚሊ ሜትሮች ላይ ነው። መደበኛ .38 ስፔሻል ከአፈሙዝ ስትወጣ ወደ 270 ጁል ገደማ ጉልበት አላት፤ የተለመደችው .357 ደግሞ ከ700 ጁል በላይ። ባለቤቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀላሏ ጥይት እጁን ያሠለጥናል፣ ጫካ ሲወጣ በከባዷ ይሞላል። አንድም ዕቃ ሳይፈታ፣ አንድም ነገር ሳይቀይር።

የመጀመሪያው .357 ሪቮልቨር ለኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ለጄ ኤድጋር ሁቨር ተበረከተ። ዋጋው 60 ዶላር ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያም ሆኖ ገዢ አላጣም። በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስማቸው የገነነው ጄኔራል ጆርጅ ፓተን እጀታው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ .357 ታጥቀዋል። ዳግላስ ዌሰን ራሱም አዲሱን ሽጉጥ ይዞ ትልልቅ አውሬ አደነበት፤ ማስታወቂያም አደንም መሆኑ ነው።

ያ የመጀመሪያው ሽጉጥ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚታጠቅ ሰው ከባድ ነበር። በ1955 የድንበር ጠባቂው ቢል ጆርዳን ባቀረበው ሐሳብ መነሻነት ኩባንያው ቀለል ያለውንና በኋላ ሞዴል 19 የተባለውን አወጣ። በዚያው ዓመት ኮልት ፓይተንን፣ ሩገር ደግሞ ብላክሆክን ለገበያ አቀረቡ። ሞዴል 19 ፖሊሶች እጅግ የወደዱት ሽጉጥ ቢሆንም፣ ቀላል እርሳስ ያላቸውን ፈጣን የማግነም ጥይቶች በብዛት ሲተኩሱበት የአፈሙዙ መነሻ ላይ መሰንጠቅ ታየበት። በ1980ዎቹ የወጡት የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 እና የሩገር ጂፒ100 ወፈር ብለው የተሠሩት ማግነምን ያለ ስስት እንዲተኩሱ ነው። ጂፒ100 ባለ 4 ኢንች አፈሙዙ ክብደቱ 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ያ ክብደት ወገብ ላይ ሸክም ነው፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ግን ርግጫውን ውጦ የሚያስቀር ወዳጅ።

በዚህ ዓይነት ሽጉጥ አጋዘን የሚያድን ሰው ርቀቱን ማወቅ አለበት። ያለ መነጽር፣ በብረት ማነጣጠሪያ፣ 50 ሜትር ለአብዛኛው ተኳሽ ዳር ድንበሩ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ጀብዱ እንጂ አደን አይባልም።

የአፈሙዝ ርዝመት ሌላው ራስ ምታት ነው። 2 ኢንች ሲሆን ኪስ ይገባል፤ ግን ባሩዱ ተቃጥሎ ሳይጨርስ እርሳሱ ስለሚወጣ ማግነሙ የማግነም ጉልበቱን በእሳትና በድምፅ ያባክነዋል። 6 ኢንች ሲሆን ዒላማና አደን ይወዱታል፣ ሸሚዝ ግን አይደብቀውም። 4 ኢንች ሁሉም የሚስማማበት አማካይ ነው ሲባል ኖሯል። ሕግ ግን በአማካይ አይመራም፤ ለምሳሌ ኦሃዮ አጋዘን በሽጉጥ ለማደን አፈሙዙ ቢያንስ 5 ኢንች፣ ቀለሃው ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው፣ ልኩም ከ.357 የማያንስ እንዲሆን ያዛል። በ4 ኢንቹ የኮራ ሰው እዚያ ከጫካው ደጅ ይመለሳል ማለት ነው። ሻጮች ይህን ሁልጊዜ አያነሱም።

ለቤት መከላከያስ? እዚህ ላይ ማግነም ያልተነገረለት ጉድ አለው። ድምፁ 160 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ በተዘጋ መኝታ ክፍል፣ በጨለማ፣ ጆሮ ሳይሸፈን ሲተኮስ የመስማት ችሎታን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል፣ ብልጭታውም ዓይን ይጋርዳል። ልምድ ያላቸው የ.357 ባለቤቶች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት .38 የተሞላ ሽጉጥ ነው። ይህን ስሌት ተከትሎ የሚሄድ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም፤ ከሦስቱ ሥራዎች ሁለቱን የምትሠራው አሮጌዋ .38 ናት፣ ማግነሙ የሚፈለገው ለጫካ ብቻ ነው።

ፖሊሶቹ ራሳቸው ሪቮልቨርን ትተውታል። የኦስትሪያ ጦር በ1982 የጋስተን ግሎክን ፕላስቲክ ገላ ያለው፣ 17 ጥይት የሚይዝ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ መረጠ፤ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ግማሽ አውቶማቲክ ዓለምን አዳረሰ። የግሎክ 17 ባዶ ክብደት ካዝናው ጭምር 700 ግራም አካባቢ ነው። 9 ሚሊ ሜትሯ ጥይት በ1902 የኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር ሥራ ስትሆን ጉልበቷ 500 ጁል ገደማ ነው።

እሷም ብትሆን ሳትፈተን አልቀረችም። በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍ ቢ አይ ወኪሎች በተገደሉበትና አምስት በቆሰሉበት የተኩስ ልውውጥ፣ ወሳኝ የነበረች አንዲት 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ልብ ጋ ሳትደርስ ቆማለች ተብሎ ብዙ ተወቀሰች። ድርጅቱ ጥይትን በጄላቲን ላይ የሚፈትንበትን መለኪያ አወጣ፤ እርሳሱ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ከዚያ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ .40 ተሻገረ። የጥይት አሠራር ሲሻሻል ግን ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደዚያችው 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ርካሽ ናት፣ ርግጫዋ ልከኛ ነው፣ ካዝናው ብዙ ይይዛል (ሜሪላንድን የመሰሉ ክፍለ ግዛቶች ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና እንዳይሸጥ ቢከለክሉም)። የሚጎድላት አደኑ ነው፤ የኦሃዮን የ.357 ልክ እንኳ ፀጉር በምታህል ልዩነት አታሟላም።

ግማሽ አውቶማቲክ ይዞ ጫካም መግባት የሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ያዞራል። በ1983 ብሬን ቴን ከተባለው ሽጉጥ ጋር የወጣችው ይህች ጥይት ለፖሊስ እጅ በዛች ተብላ ብትተውም፣ ጉልበቷ ከ.357 ጋር ይፎካከራል። በውሻ ተንሸራታች ግሪንላንድን የሚቃኘው የዴንማርክ ጦር ሲሪየስ ቡድን የበረዶ ድብ ቢመጣበት የሚመዘው ግሎክ 20 ይህችኑ ጥይት ነው የሚጎርሰው። እጀታው ግን ለትንሽ እጅ ይወፍራል፣ የጥይቱም ዋጋ ከ9 ሚሊ ሜትር ይበልጣል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደውን .44 ማግነም በ1971 ክሊንት ኢስትዉድ በ«ደርቲ ሃሪ» ፊልም ዝነኛ አድርጎታል። 1,300 ጁል ገደማ ጉልበቱ ለአዳኝ በቂና ከበቂ በላይ ነው፤ ለሌላው ሥራ ሁሉ ግን የበዛ ነው። ጀማሪ ሁለት ሦስቴ ከተኮሰው በኋላ ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል።

ምርጫው ከዕቃው በፊት በሕግ ይጀምራል። ብሪታንያ ከደንብሌን ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ በ1997 ሽጉጥን ከግለሰብ እጅ አውጥታለች። በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓመቱ እዚህ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል ነው። በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርድ ካለው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን፣ የአደን ፈቃድን ከመሳሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የወገኖቻችን መናኸሪያ በሆነው በዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ድልድይ በተሻገሩ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል። ሜሪላንድ ከመግዛት በፊት ሥልጠናና አሻራ ያለበት የብቃት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ዲሲ ሽጉጡ ፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገብ ታዛለች፤ ከቨርጂኒያ የተገኘ የመታጠቅ ፈቃድ በሁለቱም ዘንድ ዋጋ የለውም። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ ድልድዩን ቢሻገር ራሱን ሊከላከልበት የገዛው ሽጉጥ እስር ቤት ሊያስገባው ይችላል።

ሌላም የማይሸሸግ ነገር አለ። በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሲሞቱ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ ከሌባው ይልቅ የሚቀርበው ለቤተሰቡ ነው። በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን የሽጉጡ ዋጋ አካል ተደርጎ መቆጠር ያለበት ለዚህ ነው፤ በተለይ ልጅ ወይም የተከፋ ሰው ባለበት ቤት።

እንግዲህ አንድ ብቻ ይሁን ከተባለ፣ ሦስቱንም ሥራ በእውነት ለሚሠራ ሰው ባለ 4 ኢንች .357 ሪቮልቨር፣ በኦሃዮ ዓይነት ሕግ ሥር ለሚያድን ደግሞ ባለ 6 ኢንቹ አሁንም ተወዳዳሪ አላገኘም። ብዙ ገዢዎች ግን አድናለሁ ይላሉ እንጂ አያድኑም። እነሱ መካከለኛ መጠን ያለው 9 ሚሊ ሜትር ቢገዙና የተረፈውን ገንዘብ ለጥይትና ለአሠልጣኝ ቢያውሉት ይሻላቸዋል። ብዙ የአሜሪካ ተኩስ ሜዳዎች ሽጉጥ ያከራያሉ፤ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሁለቱንም ተከራይቶ ሃምሳ ሃምሳ ጥይት ይተኩስባቸው።