ለቆየ ሰርቨር ፕሮሰሰር ሲታዘዝ መታወቅ የሚገባው ነገር

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያዝ ዐይነቱን፣ መጠኑንና ወርዱን ለይቶ ሳይጽፍ ገንዘቡን አይልክም። እኔም በንግድ ቤታችን በጸሐፊነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ይህን ደንብ ለጨርቅና ለቆርቆሮ ስጠብቅ ኖሬ፣ ለሰርቨር መለዋወጫ ግን በመዘንጋቴ የደረሰውን ኪሳራ ባስታውቅ ሌላው ይጠነቀቅበታል ብዬ አምናለሁ።

የሒሳባችንና የመጋዘናችን መዝገብ የሚሠራበት መኪና ዴል ፓወርኤጅ አር720 የተባለ፣ በመደርደሪያ ላይ የሚገጠም ሰርቨር ነው። በውስጡም እያንዳንዳቸው 6 ኮር ያላቸው ዚዮን ኢ5-2620 የተባሉ 2 ፕሮሰሰሮች ነበሩበት። የወር መጨረሻ ሒሳብ ሲዘጋ ሥራው እየዘገየ ስላስቸገረን፣ ባለሙያው መርምሮ ጉድለቱ ከዲስክ ወይም ከሜሞሪ ማነስ ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ መሆኑን ነገረን። ሰርቨሩን በሙሉ ከመለወጥም ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ እንደሚረክስ አስረዳን።

እኔም የዋጋ መጠየቂያውን ስጽፍ «ኢ5-2650» ብቻ ብዬ ላክሁ፤ ከቁጥሩ በስተኋላ መግባት የነበረበትን «ቪ2» የሚለውን ምልክት ተውሁት። ሻጩም «ቪ3» ላከልን። ሳጥኑ ተከፍቶ ሲሞከር አልገጥም አለ። አለቃዬም ፕሮፎርማውን ደጋግመው አንብበው፣ «ለአቡጀዲ ወርዱን የምትጽፊ ሰው፣ ለዚህ ስሙን ብቻ ጻፍሽ?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። በብዙ ደጅ ጥናት የተገኘው የውጭ ምንዛሪ በአንድ ፊደልና በአንድ ቁጥር ጉድለት ባከነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ሰርቨር ሶኬት ኤልጂኤ 2011 ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጡትን የኢ5-2600 ፕሮሰሰሮችና በ2013 የወጡትን «ቪ2» ይቀበላል። በ2014 የወጣው «ቪ3» ግን የመገናኛ ነጥቦቹ ቍጥር ያው 2011 ቢሆንም አሠራሩ ልዩ ነው፤ የሚሻውም ዲዲአር4 ሜሞሪ ሲሆን፣ የእኛው መኪና የሚሠራው በዲዲአር3 ነው።

ስለዚህ ለማዘዝ የሚያስብ ሁሉ የሚከተሉትን ይመልከት። በመጀመሪያ፣ የሰርቨሩ ሠሪ ይቀበላል ብሎ በመመሪያው የዘረዘራቸውን ፕሮሰሰሮች ያመሳክር፤ ሶኬቱ አንድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ኀይሉን ያስተያይ። ኢ5-2620 እና ኢ5-2650 ቪ2 ሁለቱም 95 ዋት ስለሆኑ የቀድሞው የሙቀት ማስወገጃ ብረት ይበቃል፤ ኢ5-2697 ቪ2 ግን 130 ዋት ስለሆነ የብረቱና የማራገቢያው አቅም አስቀድሞ መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ፍጹም አንድ ዐይነት ይሁኑ። አራተኛ፣ አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ባዮሱ ይታደስ፤ አለዚያ መኪናው አዲሱን አያውቀውም፣ አይነሣምም። አምስተኛ፣ በፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ ለሙከራ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ዕቃውን አይቀበል። በመጨረሻም፣ የሶኬቱ መርፌዎች በቦርዱ ላይ ያሉ ቀጫጭን ስለሆኑ አንዱ ቢጣመም ቦርዱ ሊበላሽ ይችላልና ገጣሚው የለመደ ባለሙያ ይሁን። ፈቃዳቸው በኮር ቍጥር የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞችም ስላሉ፣ ወጪው እንዳይጨምር ውሉ ይነበብ።

ሁለተኛውን ትእዛዝ የጻፍሁት ሙሉ ስሙን ከባለሙያው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሬ ነው። ዕቃው ደርሶ ገጠመ፤ 12 የነበረው ኮርም 16 ሆነ፤ የወሩም ሒሳብ ያለ መጓተት ተዘጋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እኛ ያፈሰስነውን ለመልቀም ሁለት ጊዜ ከፍለናል። አንባቢ ግን ፕሮፎርማውን ከመፈረሙ በፊት የመጨረሻዋን ፊደልና ቍጥር ቢያነብ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል።