አንዲት ሰረዝና 180 ጊጋባይት

ጸሎተ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነበር። በወቅቱ እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ሲስተሙ እምቢ ብሏል፤ ደመወዝ ካልወጣ ሰው ፋሲካን በባዶ እጁ ሊውል ነው» አሉኝ። ሰርቨሩ ዘንድ ሄጄ ስመለከት ችግሩ ግልጽ ነበር። የሒሳብ ዳታቤዙ የሚቀመጥበት ቦታ እስከ አፉ ሞልቶ አንዲት ተጨማሪ መስመር እንኳ የሚጻፍበት አልቀረም። በአንጻሩ እዚያው ሰርቨር ላይ ስካን የተደረጉ ውሎችና የሠራተኞች ማኅደሮች የሚቀመጡበት 200 ጊጋባይት ቦታ ገና ብዙ ክፍት ነበረው። አዲስ ሐርድ ዲስክ ይገዛ ቢባል የግዥው ሒደት ከበዓሉ በፊት አያልቅም። ያለኝ አማራጭ ከሰፊው ቀንሶ ለጠበበው መስጠት ብቻ ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ከጀርባው ካሉት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ዓይነቱ የቦታ መሙላት ነው። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ቢሆንም አሠራሩን በቅጡ ያልተረዳ ሰው ሲነካው ግን የዓመታት ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል። እኔም በዚያ ሐሙስ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

ግድግዳና ጎተራ

በተለመደው አሠራር አንድ ሐርድ ዲስክ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። እነዚህ ክፍሎች እንደ ድንጋይ ግድግዳ ናቸው። አንዱ ሞልቶ ጎረቤቱ ባዶ ቢሆን ግድግዳውን መግፋት አስቸጋሪ ነው። አንድ ክፍል ከራሱ ዲስክ አልፎ ወደ ሌላ ዲስክ መሻገርም አይችልም። ሰርቨሩን በመጀመሪያ ቀን ያዘጋጀው ባለሙያ የዛሬ አምስት ዓመት የትኛው ክፍል እንደሚሞላ መገመት አለበት ማለት ነው። ይህ ግምት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይሠምርም።

ለዚህ ችግር የተበጀው መላ ሎጂካል ቮልዩም ማኔጀር፣ በአጭሩ ኤልቪኤም ይባላል። ለሊኑክስ የሚሆነውን ሃይንዝ ማውልስሃገን በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው አርአያ ያደረገው ኤችፒ-ዩኤክስ በተሰኘው የሒውሌት ፓካርድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ውስጥ የነበረውን ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የገበሬን ጎተራ ማሰብ ይበቃል። ከተለያዩ ማሳዎች የመጣ እህል አንድ ጎተራ ውስጥ ይገለበጣል፤ ከዚያም በቁና እየተሰፈረ በየጆንያው ይሞላል። በኤልቪኤም ማሳዎቹ ዲስኮች ናቸው፤ ፊዚካል ቮልዩም ይባላሉ። ጎተራው ቮልዩም ግሩፕ ነው። ጆንያዎቹ ደግሞ ሎጂካል ቮልዩም ይባላሉ፤ ዳታቤዙም፣ ማኅደሩም የሚቀመጠው በእነዚህ ላይ ነው። ቁናው ኤክስቴንት ሲሆን፣ ካልቀየሩት በስተቀር መጠኑ 4 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ አንድ ጊጋባይት ማለት 256 ቁና፣ ለሒሳብ ክፍሉ ያስፈለገኝ 20 ጊጋባይት ደግሞ 5120 ቁና ማለት ነው። አንድ ጆንያ ሲጠበው ከጎተራው ጥቂት ቁና መጨመር እንጂ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም።

የትዕዛዞቹ ስያሜ

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዝ በመጻፍ ነው። የትዕዛዞቹ ብዛት ያስፈራል እንጂ አሰያየማቸው ሥርዓት አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት የምንነካውን ይነግሩናል፤ «ፒቪ» ዲስኩን፣ «ቪጂ» ጎተራውን፣ «ኤልቪ» ጆንያውን። ቀሪው የሚደረገውን ድርጊት ይገልጻል፤ «ክሪኤት» መፍጠር፣ «ኤክስቴንድ» ማስፋት፣ «ሪዱስ» መቀነስ ነው። «ፒቪኤስ»፣ «ቪጂኤስ» እና «ኤልቪኤስ» ደግሞ ያለውን በዝርዝር ያሳያሉ። እነዚህ ሦስቱ ምንም የማይለውጡ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ትዕዛዞች በመሆናቸው ደጋግሞ ቢጠቀሙባቸው ጉዳት የለውም።

አዲስ ዲስክ ሲገዛ በ«ፒቪክሪኤት» ይዘጋጃል፣ በ«ቪጂኤክስቴንድ» ጎተራው ውስጥ ይገባል፣ በ«ኤልቪኤክስቴንድ» ደግሞ የጠበበው ጆንያ ይሰፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጆንያው ቢሰፋም በውስጡ የተጻፈው ፋይል ሲስተም መስፋቱን አያውቅም፤ ሊነገረው ይገባል። ለኤክስት4 ይህን የሚሠራው «ሪሳይዝቱኤፍኤስ» ሲሆን፣ ለኤክስኤፍኤስ ደግሞ የራሱ ማስፊያ አለው። «ኤልቪኤክስቴንድ» ላይ ሰረዝ አር ከተጨመረበት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ሁለቱም ፋይል ሲስተሞች ሥራ ሳይቆም፣ ሰው እየተጠቀመባቸው ሊሰፉ ይችላሉ።

ዲስክ ማርጀቱ ሲታወቅም ሰርቨሩን ማጥፋት የግድ አይደለም። በጎተራው ውስጥ በቂ ባዶ ቦታ ካለ «ፒቪሙቭ» በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ወደ ሌላው ያዛውራል፤ ከዚያ «ቪጂሪዱስ» ባዶውን ዲስክ ከጎተራው ያሰናብታል።

ማስፋትና መቀነስ

ማስፋት የዋህ ሥራ ነው። ተሳስቶ ከሚገባው በላይ ያሰፋ ሰው የሚያባክነው ቦታ ብቻ ነው። መቀነስ ግን ሌላ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል። ስናሰፋ መጀመሪያ ጆንያው፣ ቀጥሎ ፋይል ሲስተሙ ይሰፋል። ስንቀንስ ግን አስቀድሞ ፋይል ሲስተሙ መሰብሰብ አለበት፤ አለበለዚያ ጆንያው ከነእህሉ ይቆረጣል። ለኤክስት4 ቮልዩሙን ከአገልግሎት ማውጣት፣ ጤንነቱን መመርመር፣ ፋይል ሲስተሙን ማሳነስ፣ በመጨረሻ ቮልዩሙን መቀነስ ነው። ኤክስኤፍኤስን ደግሞ ሊያሳንሱት ባያስቡ ይሻላል፤ ጠቃሚው መንገድ መረጃውን ገልብጦ እንደ አዲስ መፍጠር ነው።

በዚያ ሐሙስ የነካሁት የማኅደሩ ቮልዩም ኤክስት4 ነበር። ከአገልግሎት አወጣሁት፣ መረመርኩት፣ ፋይል ሲስተሙን ወደ 180 ጊጋባይት አሳነስኩ። እስከዚህ ሁሉም በሥርዓቱ ሄደ። ቀጥዬ በ«ኤልቪሪዱስ» 20 ጊጋባይት እንዲቀነስ አዘዝኩ። ሰረዝ ኤል፣ ቀጥሎ 20 ጂ። ማሽኑ መረጃ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ «እርግጠኛ ነህ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ስለሚያሳይ አላነበብኩትም፤ «ዋይ» ብዬ መለስኩ።

ስሕተቱ አንዲት ሰረዝ ናት። ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ቢኖር ትርጉሙ «20 ጊጋባይት ቀንስ» ይሆን ነበር። ምልክቱ ከሌለ ግን «ወደ 20 ጊጋባይት አውርደው» ማለት ነው። በማስፋት ጊዜም የመደመር ምልክት ሲኖርና ሳይኖር ልዩነቱ እንዲሁ ነው። እኔ ምልክቷን ረስቼ የ200ውን ጆንያ 20 አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ውስጡ ያለው መረጃ ደግሞ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነበር።

ያተረፈኝ ቀጣዩን ትዕዛዝ ከመጻፌ በፊት «ቪጂኤስ» ብዬ መመልከቴ ነው። ባዶ ቦታው 20 ጊጋባይት መሆን ሲገባው 180 ይላል። እጄ ቀዘቀዘ። ሳላይ ቀጥዬ ያን ቦታ ለዳታቤዙ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ የሒሳቡ መረጃ በማኅደሩ ላይ ተጽፎበት፣ የሰዎች የሥራ ዘመን ማስረጃ በዚያው ይቀር ነበር።

ከጎተራው ደብተር

ኤልቪኤም ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጉ በፊት የነበረውን አደላደል በጽሑፍ መዝግቦ በማኅደሩ ያስቀምጣል። የትኛው ቁና የየትኛው ጆንያ እንደነበር የሚያሳይ ደብተር ነው ማለት ይቻላል። «ቪጂሲኤፍጂሪስቶር» የተባለው ትዕዛዝ ወደ ቀድሞው ገጽ ይመልሳል። የተቆረጠውን ቮልዩም ከሥራ አውጥቼ ከመቀነሱ በፊት የተያዘውን ቅጂ መለስኩ። ቮልዩሙ 200 ሆነ። ፋይል ሲስተሙን እንደገና ስመረምረው ጤነኛ ነበር።

ይህ የሆነው ግን በተለቀቀው ቦታ ላይ ማንም ምንም ስላልጻፈበት ብቻ ነው። ደብተሩ የሚመልሰው አደላደሉን እንጂ እህሉን አይደለም። በኤስኤስዲ ዲስክ ላይ፣ የተለቀቀ ቦታ ወዲያው እንዲጸዳ የሚያዝዘው ቅንብር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህም ዕድል ላይኖረኝ ይችል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስት ልማዶች አሉኝ። አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በፊትና በኋላ በ«ኤልቪኤስ»ና «ቪጂኤስ» አያለሁ፤ የሚጠበቀውን ቁጥርም አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ በመቀነስም ጊዜ ሰረዝ አርን እጠቀማለሁ። ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ፋይል ሲስተሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ መረጃ በ20 ውስጥ አልገባም ብሎ እምቢ ስለሚል ስሕተቴ እዚያው ይያዝ ነበር። ሦስተኛ፣ ሳልነካ በፊት ባክአፕ በሌላ ማሽን ላይ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከፍቼ መነበቡንም አረጋግጣለሁ።

በዚህ በመጨረሻው ላይ አለቆችም ድርሻ አላቸው። ኤልቪኤም ቦታ ያደላድላል እንጂ መረጃ አይጠብቅም። እንዲያውም አንድ ጆንያ በሁለት ዲስኮች ላይ ተዘርግቶ፣ ቅጂ ሳይኖረው አንዱ ዲስክ ቢሞት መላው ቮልዩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስናፕሾት የሚባለው ቅጽበታዊ ቅጂም ከዋናው ጋር በአንድ ጎተራ ስለሚቀመጥ ጎተራው ሲቃጠል አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ «ኤልቪኤም አለን» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥምዎ «ባክአፑስ የት ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ትዕዛዙን በሰረዟ ደግሜ ጻፍኩ፤ ባዶው ቦታ 20 ሆነ። ለዳታቤዙ ሰጠሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የደመወዙ ዝርዝር ታተመ፤ ቅዳሜ ጠዋትም ባንክ ደረሰ። ኃላፊዋ «እግዜር ይስጥህ፣ ይህን ያህል ያቆየህ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ሞልቶ ነው» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ አፍስሼ ለመልቀም በቅቻለሁ፤ ሁሉም ግን ይህ ዕድል አያጋጥመውም።

ቸር እንሰንብት።